ዞምቢዎቹ ለምን ያለቅሳሉ?

እዩኤልን ያወቅኩት በደም ነው። እንዲህ ስል የሚደነግጥ አይጠፋም፤ ግን የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝና ግማሹን የአሶሳ ሰው የማውቀው በደሙ ወይ በሽንቱ ነው። መንገድ ላይ «ኦብሴ ደህና ነሽ?» የሚሉኝ ሰዎች ስማቸው ይጠፋኝና የደም ዓይነታቸው ትዝ ይለኛል።

የምሠራው ገበያው አጠገብ ባለች ትንሽ የግል ክሊኒክ ነው። መጋቢት ላይ፣ ሙቀቱ ጣሪያውን በሚያንጣጣበት ሰዓት፣ አንድ ረጅም ልጅ በናሙና መቀበያዋ መስኮት አጎንብሶ አየኝ። የማዘዣ ወረቀት አልያዘም።

«ናሙና አለህ?»

«አለኝ» አለና የማርማላታ ጠርሙስ አስቀመጠልኝ። እስከ አንገቱ ድረስ ቀይ ነገር ሞልቶታል።

«አንተ! ይሄን ሁሉ ከማን ቀዳኸው?»

«ከቀይ ሥር። ስኳርም አለበት። ደም ይመስል እንደሆነ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት።»

ካርድ ክፍል የምትሠራው ሐኒ አንገቷን አስግጋ «ይሄ ሰውዬ ካርድ አውጥቷል?» ስትል ሳቄ አመለጠኝ። እሱም ሳቀ። እዚያው ቆሞ ሁሉንም ነገረኝ። ሠርግና ምርቃት የሚቀርጽ ካሜራማን ነው። በሠርግና በሠርግ መሀል ባገኘው ቀን ሁሉ ግን ፊልም ይሠራል፤ የዞምቢ ፊልም፤ ሙታን አሶሳ ላይ ከመቃብራቸው ተነሥተው ሕያዋንን የሚያሳድዱበት። ስሙን «ሰባተኛው ቀብር» ብሎታል።

«ደም ቀይ ሆኖ አይቆይም» አልኩት። «ሲቆይ ይጠቁራል፣ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። ሙታኖችህ ሦስት ቀን ተቀብረው እንደ ትኩስ ቁስል የሚቀሉ ከሆነ ማንም አያምንህም።»

አሮጌ ናሙና አውርጄ ወደ ብርሃኑ ያዝኩለት። እሱ ግን ብልቃጡን አላየም። የሚያየው እኔን ነበር፤ እንዳየሁት ሲያውቅ ዓይኑን ሰበረ።

ከዚያ በኋላ በየሁለት ቀኑ አንድ ጥያቄ ይዞ መምጣት ጀመረ።

«ሦስት ቀን የሞተ ሰው እንዴት ነው የሚራመደው?»

«አይራመድም።»

«ቢራመድስ?»

«ጉልበቱ አይታጠፍለትም።»

ጉልበቱን ገትሮ በኮሪደሩ ሲሄድ ተራ የሚጠብቁ እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ጉያቸው ሳቡ። ሐኒ በሽተኛ ታባርርብናለህ ብላ ተቆጣችው። እኔ ደግሞ ያልመጣ ቀን መስኮቱን ማየት ልማድ ሆነብኝ።

ሰኔ ሲገባ የፊልሙን ድርሰት አንብቤ ጨርሼ፣ ውስጡ ያለውን የዶክተር ገጸ ባሕርይ ረጅም ንግግር ግማሹን ሰርዤበት ነበር። አልተቀየመም። የዞምቢዎቹን መሪ የሚሠራው ሙዳሲር የሚባል የበርታ ልጅ፣ የባጃጅ ሹፌር ነው። አንድ ቀን ከሥራ ስወጣ ሁለቱም በባጃጇ ሊያደርሱኝ መጡ። መንገድ ላይ ዝናቡ ወረደና ዳር ይዘን ቆምን። ሙዳሲር የፊቱን ቀለም እንኳ አልታጠበም።

«ኦብሴ፣ አንተ አላየህም፣ እኔ ዛሬ ጥሩ ሞተ። ወላሂ፣ በጣም ጥሩ ሞተ» አለኝ በዚያ በሚሰባበር አማርኛው፣ በኩራት። ከዚያ ከጓደኛው ፊት ምን እንዳነበበ እንጃ፣ ሲጋራ ሊገዛ ነው ብሎ በዝናቡ ወረደ። ሲጋራ እንደማያጨስ ሁለታችንም እናውቃለን።

ውሃው የባጃጇን ሸራ ይደበድባል።

«ሰው ሁሉ ፊልሙ መቼ ነው የሚያልቀው ይለኛል» አለ እዩኤል። «እኔ እንዳያልቅ ነው የምፈልገው።»

«ለምን?»

«ካለቀ ክሊኒክ የምመጣበት ምክንያት የለኝም።»

«ታዲያ ሌላ ምክንያት ፈልግ።»

ወደድኩት፤ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ አያስፈልገኝም። ሌላውን ሁሉ በካሜራ እያጠበበ ነው የሚያየው፤ እኔን ሲያየኝ ግን ምንም ነገር ከዓይኑ ፊት አያደርግም ነበር።

እናቴ ብሪቱ ከወለጋ ከአባቴ ጋር መጥታ አሶሳ የቀረች ናት። አባቴ ካረፈ ወዲህ አትክልት እየሸጠች አሳደገችኝ። የእዩኤል ወላጆች ደግሞ በደርግ ጊዜ ከወሎ የሰፈሩ ናቸው። በቤተ ክርስቲያን ባንገናኝም በእድር እንገናኛለን፤ የሰፈራችን እድር ሁሉንም ሰብስቦ የያዘ ነው፤ የእድሩን ድንኳንና ወንበር ያለበትን ዕቃ ቤት ቁልፍ የሚይዙትም የእዩኤል አባት አቶ ሀብቱ ነበሩ። እናቴ ስለ እዩኤል ስነግራት ብዙ አሰበችና «ልጁ ጨዋ ነው፤ ሥራው ብቻ የሙት ሥራ ሆነብኝ» አለች። ይህ ከእሷ አፍ እሺታ ነው።

በዚያ ዓመት እናቴን የሚበላት ሌላ ነገር ነበር። ፊት ለፊታችን የሚኖሩት እትዬ ጤናዬ የሃያ ዓመት ጓደኛዋ ናቸው። ግንቦት ላይ ከእሳቸው ማንጎ ጠባቧን መንገድ አልፎ በአጥራችን ላይ ዘንበል ያለውን ቅርንጫፍ እናቴ ሳታስፈቅድ አስቆረጠች፤ ፍሬ የያዘ ቅርንጫፍ ነበር። ቃል ተወራወሩ። ነሐሴ ላይ እትዬ ጤናዬ ታመሙ፤ እናቴ አልጠየቀቻቸውም። ሰፈሩ ሁሉ ሲመላለስ እሷ መጋረጃውን ገልጣ ታያለች፣ ነጠላዋን ታነሣለች፣ መልሳ ትሰቅላለች። መስከረም ላይ ልጃቸው ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ ወሰዳቸው። የታመመ አለመጠየቅ እኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም።

ጥቅምት ላይ አንድ ቀን ከሥራ ስገባ እናቴን ጨለማ ሊሆን በተቃረበ ቤት ውስጥ ተቀምጣ አገኘኋት። ነጠላዋን ለልቅሶ እንደሚለበሰው አዘቅዝቃ እንደለበሰችው ነው።

«እማ፣ ማን ሞተ?»

«ማንም።»

ሰፈር ውስጥ ምን እንደተፈጠረ ልጠይቅ ለእዩኤል ደወልኩ።

«እኔ ነኝ ጥፋተኛው» አለኝ። «የቀብሩን ክፍል እትዬ ጤናዬ ግቢ ነበር የምንቀርጸው፤ በስልክ ፈቅደውልኝ ነበር። የእድሩን ድንኳን በራቸው ላይ ተክለን እያለ እትዬ ብሪቱ ከገበያ ሲመለሱ አዩትና ደነገጡ። ይቅርታ ጠይቄያቸዋለሁ።»

ገባኝ። የታመመ ሰው ርቆ ሄዶ፣ ደጁ ላይ ድንኳን ከተተከለ፣ የዚያ ትርጉሙ አንድ ነው። ተናደድኩ፤ ግን ይቅርታ ጠይቋል፤ እናቴም ነገሩን አላነሣችውም። ያነሣው እድሩ ነው። አቶ ሀብቱ ጉባኤ ፊት ቆመው ተወቀሱ፤ ድንኳኑ ያለ ሐዘን ቀን ከዕቃ ቤት እንዳይወጣ ተወሰነ፤ ቁልፉንም አስረከቡ። እዩኤል አባቱን ለብዙ ቀን ቀና ብሎ ማየት አፈረ።

ፊልሙ ጥር ላይ አለቀ። ቅዳሜ ከሰዓት በአንድ የኮሌጅ አዳራሽ እንዲታይ፣ ከዚያም እንደ ልማዳችን ጠንካራና ደካማ ጎኑ ተነቅሶ ውይይት እንዲደረግበት ተወሰነ። ነቃሽ እንድሆን የለመነኝ ራሱ እዩኤል ነው።

«አትማሪኝ» አለኝ። «ከአዲስ አበባ የፊልም ውድድር መራጭ ይመጣል። እሱ ከሚገድለኝ አንቺ ግደዪኝ።»

በሳምንቱ እሑድ ደግሞ ሽማግሌ ሊልክ ነበር። እኔም የቀብሩ ክፍል ያልገባበትን ረቂቅ ቅጂ አስቀድሜ አይቼ ሁለት ገጽ ጽፌ፣ አዲስ ቀሚስ ለብሼ፣ ፊተኛው ረድፍ ተቀመጥኩ።

ፊልሙ ሲጀምር ተማሪዎቹ ይስቁ ነበር። እውነት ለመናገር የሚያስቅ ነበር። ዞምቢዎቹ ከማንጎዎቹ ሥር ጉልበታቸውን ገትረው ሲወጡ አንደኛው ጫማው ወለቀ። እዩኤል የሚስቀውን ሰው እየቆጠረ እጁን ያሻሽ ነበር። ከዚያ የእድሩ ድንኳን መጣ። በድንኳኑ በኩል አንዲት ሴት እየሮጠች ገባች፤ የጎመን ዘንቢሏ ከእጇ ወድቆ ተበተነ።

እናቴ ናት።

«ጤናዬ! ጤናዬ ኮ!» ትላለች መሬቱን በእጇ እየመታች። «ታመሽ ሳልጠይቅሽ! ለአንዲት ቅርንጫፍ ብዬ! ደጅሽ አሥር እርምጃ ነበር፤ አሥር እርምጃ አቃተኝ! አሁን ለማን ልንገር? ማን ይቅር ይበለኝ?»

ካሜራው ከፊቷ አልተነቃነቀም። ቀጥሎ ዞምቢዎቹን አሳየ፤ አንድ በአንድ ቆመው ያለቅሳሉ፤ የሙዳሲር እንባ ቀለሙን እያጠበ ወረደ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ከኋላዬ አንዲት ልጅ ስቅስቅ ስትል ሰማሁ። አንድ ደቂቃ ተኩል ነው፤ በኋላ ቆጥሬዋለሁ።

መድረክ ላይ ስጠራ ወረቀቴን ያዝኩና ወጣሁ። ጠንካራውን አነበብኩ፦ ድምፁ ጥሩ ነው፤ ማንጎዎቹ በቀን ብርሃን እንዲያስፈሩ ማድረጉ ብልህነት ነው፤ ደሙም ደም ይመስላል። ወደ ደካማው ተሻገርኩ።

«ዞምቢዎቹ መጀመሪያ በዝግታ ይሄዳሉ፣ መጨረሻ ላይ ይሮጣሉ፤ ለምን እንደሆነ አልተነገረንም። ዶክተሩ አሁንም ብዙ ያወራል። ትልቁ ድክመት ግን ሙታኑ ስም የላቸውም። ሁሉም አይቷቸው ይሸሻል፤ ወዲያው ይተኩስባቸዋል። ሞቶ የተነሣ ሰው ሰፈራችን ቢመጣ እንዲህ የሚሆን አይመስለኝም። አንድ ሰው ቆሞ ፊቱን ያያል። ልጄ ነህ ወይ የምትል እናት አትጠፋም። ብትበላም እንኳ ቀርባ ነው የምትበላው። ፊልሙ ይህን ስላላሰበ ሰዎቹን አላመንኳቸውም።»

ይህን የጻፍኩት ከሳምንት በፊት ነው። ሳነበው ግን በዚህ ሁሉ ፊልም ውስጥ በስሙ የተለቀሰለት አንድ ሰው ብቻ እንደሆነ፣ እሱም በሕይወት እንዳለ ታየኝና ድምፄ ተቆረጠ።

አወያዩ መምህር ዲሳሳ አላስተዋሉም። «ያቺን የምታለቅስ እናት ዘለልሻት እኮ! እንዲህ ያለ ትወና የት ይገኛል?» አሉኝ። ሰው አጨበጨበ።

እናቴ ናት፣ እየተወነች አልነበረም ብል፣ ጉዷን ላላወቀው ሁሉ አስታውቄ መውረዴ ነው። «ስለ እሳቸው የምለው የለኝም» ብዬ ተቀመጥኩ። የውድድሩ መራጭ፣ ስለሺ የሚባል መነጽራም ሰው፣ ተነሥቶ ያቺ እናት ብቻዋን ፊልሙን ውድድሩ ውስጥ ታስገባዋለች አለ።

ከአዳራሹ ውጪ እዩኤልን አገኘሁት። ፊቱ በደስታና በፍርሃት መሀል ነበር።

«መቼ ልትነግረኝ ነበር?»

«ዛሬ፣ ካየሽው በኋላ።»

«ካሜራውን ለምን አላቆምክም?»

«መጀመሪያ ምን እንደሆነ አልገባኝም። ከገባኝ በኋላ ደግሞ… ጥሩ እየወጣ ነበር።»

ቢዋሸኝ ይሻለኝ ነበር። ባለመዋሸቱ ደግሞ ይበልጥ ወደድኩት፤ ይኸው ነው ያንገበገበኝ።

«ቁረጠው።»

«ኦብሴ፣ እሱ ከተቆረጠ ምን ይቀረኛል?»

«ዞምቢዎች።»

«ስለሺ ያለውን ሰምተሻል። ሁለት ዓመት…»

«እሑድ ሽማግሌ እንዳትልክ» ብዬ ሄድኩ።

አራት ቀን አልተደዋወልንም። ሥራ ላይ የሁለት ሰው ውጤት ላቀያይር ለጥቂት ተረፍኩ። ለእናቴ ምንም አልነገርኳትም፤ ገበያ ላይ ግን አንዷ «ብሪቱ፣ ደግሞ ተዋናይ ሆንሽ አሉ!» ብላት ኖሮ ያን ዕለት ያልሸጠችውን አትክልት ይዛ በጊዜ ገባች።

ሐሙስ ከሥራ ስመለስ በራችን ገርበብ ብሏል። የእዩኤልን ድምፅ ሰማሁና ደጃፉ ላይ ቆምኩ። በርጩማ ላይ ተቀምጧል፤ ላፕቶፑ ጉልበቱ ላይ ነው።

«እትዬ ብሪቱ፣ ያን ቀን ይቅርታ የጠየቅኩት ስላስደነገጥኩዎት ብቻ ነው። ዋናውን ደበቅኩዎት። ቀርጬዎት ነበር። ሳልጠይቅዎትም ለሰው አሳየሁ። ያለው ይሄ ብቻ ነው፤ ሌላ ቅጂ የለኝም። ይጥፋ ካሉኝ አሁኑኑ አጠፋዋለሁ።»

«አሳየኝ» አለች እናቴ።

መነጽሯን አድርጋ አየችው። የራሷ ድምፅ ቤቱን ሞላው። ሲያልቅ «ድገመው» አለችው። ደገመው። መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች።

«ጤናዬ ይሄን ሰምታለች?»

«አልሰሙም።»

እትዬ ጤናዬ ድነው ከመጡ ሁለት ሳምንት ሆኗቸዋል። እናቴ አሁንም አልተሻገረችም።

«ሞታለች ብዬ የነገርኳትን፣ ድና ስትመጣ ልነግራት አቃተኝ» አለች። «ስንቴ በሯ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ መሰለህ? አፌ አይከፈትልኝም። ይሄን ይዘህ ግባና እሷ ትስማው። ከዚያ ግን አጥፋው። የእሷና የእኔ ነው፤ ሌላ ሰው ምን አገባው?» ከዚያ ቀና ስትል አየችኝ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ምን ይገትርሻል? ልጁን ተከተይው እንጂ።»

መንገዱን አብረን ተሻገርን።

እትዬ ጤናዬ አልጋቸው ላይ ተደግፈው አዩት። ሲያልቅ እንባቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠርገው ወደ እዩኤል ዞሩ።

«አንተ ደግሞ በቁሜ ድንኳን ተከልክብኝ?»

«እትዬ ጤናዬ፣ ይቅርታ…»

«ዝም በል። ዱላዬን አቀብለኝ።» እየተነሡ ለራሳቸው ያወራሉ። «ሞኝ! ለቅርንጫፍ ብላ! ተሸክማው ትዙር? እኔ እኮ መምጣቷን ነው የምጠብቀው።»

የቤት ጫማቸውን እንዳደረጉ ወጡ። ደግፈናቸው አሻገርናቸው። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ተቃቅፈው ገቡና በሩ በእኛ ፊት ተዘጋ።

ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። እዩኤል ላፕቶፑን ከፈተ።

«አንቺ ተጫኚው» አለኝ።

«ያነሣኸው አንተ ነህ።»

ብዙ ቆየ። አላጣደፍኩትም። ከዚያ አጠፋው። ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ። እንዳላየ ሆኜ ጎኑ ተቀመጥኩ፤ ትከሻዬን ግን ወደ ትከሻው አስጠጋሁ። ከውስጥ የሴቶቹ ለቅሶ ወደ ሳቅ ሲዞር ይሰማናል።

«እሑድስ?» አለኝ በመጨረሻ።

«እሑድ እናቴ ቤት ናት» አልኩት።

ስለሺ አዲሱን ቅጂ አይቶ በጨዋ ቋንቋ አዝናለሁ ብሎ ጻፈለት። የተቆረጠውን የሚተካ ነገር መቅረጽም አልተቻለም፤ ድንኳኑን ማን ይሰጠዋል? ስለዚህ እናቴ ስትወጣ የሚያለቅሱት ዞምቢዎች ብቻ ቀሩ፤ እነሱ ከወጡ ታሪኩ አይያያዝም።

እኛ ሚያዝያ ላይ ተጋባን። ግንቦት ላይ ፊልሙ በባምባሲ ከተማ ወጣቶች አዳራሽ ታየ። ሲያልቅ አንድ ቶኩማ የሚባል መምህር ወረቀት ይዞ ተነሣ። ጠንካራ ጎኑን በልግስና ተናገረ። ቀጥሎ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ወደ ደካማ ጎኑ ስንመጣ፣ ድንኳኑ ጋ ዞምቢዎቹ በድንገት ቆመው ያለቅሳሉ። የሚያስለቅስ ነገር ግን አላየንም። ዞምቢ ደግሞ ለምን ያለቅሳል? ዳይሬክተሩ አንድ ነገር የረሱ ይመስለኛል።»

ሰው ሳቀ። ሙዳሲር ሊናገር ከወንበሩ ብድግ አለ፤ እዩኤል በእጁ አስቀመጠው። ማይክራፎኑ ወደ እሱ መጣ። በሁለት ደቂቃ ማስረዳት ይችል ነበር፤ አዳራሹም ተነሥቶ ያጨበጭብለት ነበር። አየሁት፤ ሊናገር አፉን ከፈተ፣ ወደ እኔም አላየም።

«ልክ ነህ» አለ። «ድክመት ነው። የኔ ድክመት ነው።»

ማይክራፎኑን መለሰና አጠገቤ ተቀመጠ። እጁን ያዝኩት፤ አልቦኛል እያለ ሊነጥቀኝ ሲል አጠበቅኩት። መምህሩ ሁለተኛውን ድክመት ማንበብ ጀምሮ ነበር።